እሳቱ የጠፋ ዕለት

ኦሞኒጎ ፊቷን በእርጥብ ሻሽ ጠቅልላ፣ ረጅሙን ቀርከሃ እንደ ጦር ይዛ ወደ እሳቱ ሮጠች። ትንፋሿን ይዛለች። እዚያ ጋ መተንፈስ የለም፤ የተነፈሰ ሳንባውን ይጠበሳል። የአምስተኛውን ሰሌን ጫፍ በቀርከሃው አንስታ ዘወር አደረገችውና በመጣችበት ፍጥነት ተመለሰች። ስትሄድ ውሃ ያንጠባጥብ የነበረው ሻሽ ስትመለስ እንደ ወረቀት ደርቆ ነበር።

«ስንት ቀረሽ?» ብላ ጮኸች ጓደኛዋ ኮምፎርት ከኋላ። እሳቱ ዳር ያልጮኸ ሰው አይሰማም።

«ሁለት!»

«ታዲያ ምን ታገላብጪዋለሽ? አንሺው እንጂ! አስራ አንድ ሰዓት ላይ ያጠፉታል ተብሏል እኮ።»

«ይበሉ።»

«ካሳቫሽ ይበላሻላ!»

«ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ ዝናብ ያላጠፋውን እሳት፣ አንዲት ከሳፔሌ ከተማ የመጣች ልጅ መሐንዲስ ታጥፋው?» አለችና ሻሹን ባልዲው ውስጥ ነከረችው።

እሳቱ ከመሬት በተጋደመ ወፍራም ቧንቧ አፍ ይወጣል። ቁመቱ የኮኮናት ዛፍ ያህላል። ከጉድጓዶቹ ከድፍድፍ ዘይት ጋር የሚወጣ ጋዝ ነው፤ ኩባንያው የሚፈልገው ዘይቱን ስለሆነ ጋዙን እዚያው ያቃጥለዋል። ፊት ለፊቱ በሰው ቁመት የተከመረ የአፈር ካብ አለ። የኦቶቮ መንደር ሴቶች ካሳቫውን ልጠው፣ ዘፍዝፈው፣ ፈግፍገው፣ ውሃውን ጨምቀው እዚያ ካብ ላይ ያሰጡታል። በአንድ ቀን እንደ ጠጠር ይደርቃል። ክፖክፖ ይሉታል፤ በኮኮናት እየቆረጠሙ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጡበት ሆድ ይይዛል፣ ዓመትም ቢቀመጥ አይበላሽም። በዚህ በሐምሌ ዝናብ ፀሐይ ካሳቫ አታደርቅም። እሳቱ ግን ክረምት ከበጋ አይለይም።

ኦሞኒጎ ወደ ካቡ አሻግራ አየች። ከሙቀቱ ወዲያ ያለው ነገር ሁሉ እንደ ሰም ይቀልጣል። የዘንባባ ዛፎቹ ወገባቸው ይታጠፋል፤ ሰሌናቸውን የሚያነሱት ሴቶች እግር የሌላቸው ሆነው ይንሳፈፋሉ። አንዳንዴ እነሱ መካከል ሊኖር የማይገባው ሰው ታያለች። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሆኖም በየጊዜው፣ በተለይ ስትደክም፣ በዚያ በሚንቀጠቀጠው አየር ውስጥ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቀስ እያለ ሲያልፍ ታየዋለች። አትደነግጥም። «ደህና ዋልክ?» ትለዋለች በሆዷ። ለማንም ነግራ አታውቅም።

ከመንገዱ በኩል የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። ታናሽ ወንድሟ ሙኮሮ ነበር። ሚኒባሱን ሞተሩን ሳያጠፋ አቁሞ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

«እታለም! ስብሰባው ሊጀመር ነው፤ ነይ!»

«እናታችን በላች?»

«አልበላችም። ‹ኦሞኒጎ ካልመጣች› ብላ ሳህኑን ገፋችው።»

ኦሞኒጎ ካሳቫዋን ካቡ ላይ እንዳለ ትታው ሄደች። ኮምፎርት ከኋላዋ አንድ ነገር ጮኸች፤ እሳቱ ቃሉን ዋጠው።

* * *

እናታቸው አቬሮ ደጃፍ ላይ፣ ከቀርከሃ የተሠራ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው ይላሉ። ዓይኗ ከብርሃንና ከጥላ በቀር አይለይም። በዚያ ወንበር ላይ ቀንም ትቀመጣለች፣ ሌሊትም ትቀመጣለች። አንዳንዴ ቀትር ላይ አገጯ ደረቷ ላይ ወርዶ ሩብ ሰዓት ያህል ታንቀላፋለች፤ ከዚያ እንደተጠራ ሰው ብንን ትላለች። እሳቱ የተለኮሰ ዓመት ኦሞኒጎን አርግዛ ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሙሉ ሌሊት ተኝታ አታውቅም። ልጆቿ ሲያድጉ «እናት ማለት የማትተኛ ሰው ናት» ብለው ነበር የሚያስቡት።

«መጣሽ?» አለች አቬሮ።

«መጣሁ፣ እማዬ። ለምንድን ነው ያልበላሽው?»

«ይሄ ልጅሽ ሾርባውን ውሃ አድርጎታል።»

«ወንድሜ ነው እንጂ ልጄ አይደለም።»

«እሱን ያሳደግሽው አንቺ ነሽ፤ ሾርባ ማሞቅ ግን አላስተማርሽውም» አለች አሮጊቷ። ሙኮሮ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ሳቀ።

ኦሞኒጎ ስታርቹን፣ የካሳቫውን ገንፎ፣ በጣቷ ትንሽ ትንሽ እየቆነጠረች፣ በዘንባባ ፍሬው ሾርባ እየነከረች አጎረሰቻት። ሙኮሮ ሰዓቱን እያየ እግሩን ያወዛውዛል።

«እታለም፣ ዛሬ ደግሞ ሰው ፊት አትጣይኝ» አለ በመጨረሻ። «አንቺ ካልፈረምሽ ሴቶቹ አይፈርሙም። ሴቶቹ ካልፈረሙ የጋዝ ማደያው ሌላ መንደር ይሄዳል። ሁለት ቦታ እየጠየቁ ነው።»

«ይሂድ።»

«ይሂድ? መኪናዬን በጋዝ እንዲሠራ ያስቀየርኩት እኮ ቤንዚኑ ስለገደለኝ ነው። አሁን ደግሞ ዋሪ ከተማ ድረስ ሄጄ፣ ወረፋ ይዤ፣ ከመሪው ሥር ተጠምዝዤ አድራለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን! ከዚያ ሰልፍ ላይ ሆኜ ወደዚህ ሳይ ሰማዩ ቀልቶ ይታየኛል። የኛ እሳት ነው። እኔ የምሰለፍለት ጋዝ እናቴ ቤት ጀርባ በከንቱ ይነዳል።»

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው። ኦሞኒጎም እውነቱን አላጣችውም። የምታውቀው ግን ሌላም ነገር አለ። በከንቱ ይነዳል አለ፤ እሱን ያስተማረችው በዚያው እሳት ነው። የመንጃ ፈቃዱ፣ የመኪናው የመጀመሪያ ክፍያ፣ የእናታቸው የዓይን ሐኪም፣ ሁሉም ከዚያ ካብ ላይ የወረደ ነው።

«በከንቱ አልነደደም» አለችው ብቻ፣ እጇን እየታጠበች።

* * *

ስብሰባው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነበር። የቆርቆሮ ጣሪያው ከእሳቱ በሚመጣው ጥቀርሻና ዝናብ ተበልቶ እንደ ወንፊት ሆኗል፤ ሰው ሁሉ የሚያፈስበትን ቦታ ስለሚያውቅ ክፍተቱን ትቶ ተቀምጧል። ፊት ለፊት ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። ነጭ ጣሪያ ያለው ማደያ፣ ንጹሕ አስፋልት፣ የተደረደሩ ሚኒባሶችና ባጃጆች፣ ቀይ አበባ።

ኮምፎርት ወደ ኦሞኒጎ ጆሮ ጠጋ ብላ «ይቺ ኦቶቮ ናት? ጭቃው የት ሄደ?» አለች።

«ሰዎቹንም እይ። ሁሉም ነጭ ጫማ አድርገዋል።»

«አንዷ አንቺን ትመስላለች።»

«እኔ አበባ ይዤ ማደያ ምን እሠራለሁ?»

የመንደሩ ሊቀመንበር ፓፓ ኦኪቲ እንደ ወጉ የኮላ ፍሬውን ባርከው ቆርሰው አዳረሱ። ከዚያ መሐንዲሷ ተነሣች። ኤሎሆ ትባላለች፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። የሳፔሌ ልጅ፣ የራሳቸው ወገን ናት። ንግግር ከመጀመሯ በፊት ሱሪዋን ሳትሳሳለት በአንድ ጉልበቷ ተንበርክካ «ሚግዎ» አለች፤ ተንበርክኬ እጅ ነሥቻለሁ ማለቷ ነው። ሽማግሌዎቹ በአንድ ድምፅ «ቭሬንዶ፣ ተነሺ ልጃችን!» አሏት። ጥሩ ጅምር ነበር።

ሐሳቡን ቀለል አድርጋ አስረዳች። በሜዳ ላይ የሚነደው ጋዝ በቧንቧ ይሰበሰባል፤ ይጣራል፤ በማሽን ተጨምቆ መስቀለኛው መንገድ ላይ በሚሠራው ማደያ ለመኪና ይሞላል። ዋጋው ከቤንዚን እኩሌታ በታች ነው። ባለ ባጃጁም፣ ባለ ሚኒባሱም ዋሪ ድረስ አይሄድም። ከዘይት ኩባንያው ጋር ተስማምተናል፤ የቀረን የእናንተ ፈቃድ ነው። ዛሬ ጋዙን የሚለካ መሣሪያ ቧንቧው ላይ ስለሚገጠም ጉድጓዶቹ ከአስራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ይዘጋሉ። ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ መልሰን እንለኩሰዋለን። ፊርማው ነገ ነው።

«ጥያቄ» አለች ኦሞኒጎ፣ እጇን ሳታወጣ ቆማ።

ሙኮሮ ከወንዶቹ መካከል ሆኖ ግንባሩን ያዘ።

«እሳቱን ስትወስዱት እኛ አስራ አራት ሴቶች በምን እናድርቅ?»

«ማድረቂያ ቤት ይሠራላችኋል፣ እማማ። በጋዝ የሚሞቅ፣ ጭስ የሌለው። ሮጣችሁ መግባት፣ ፊት መሸፈን የለም።»

«መልካም። የቱ ይቀድማል? ማድረቂያው ወይስ ማደያው?»

ኤሎሆ መልሱን ከማውጣቷ በፊት ወረቀቷን አየች። ከዚያ ወረቀቷን አጠፈችው።

«አልዋሽዎትም። ማደያው ይቀድማል። ማድረቂያው በስድስት ወሩ ይከተላል።»

ጉርምርምታ ተነሣ። አንዷ ከኋላ «ስድስት ወር ሙሉ በምን ልንኖር? በሥዕሉ?» ብላ ስትጮህ ሳቅ ሆነ። ሙኮሮ ተነሥቶ ቆመ።

«እኔ የምለው አለኝ። የምትናገረው እህቴ ናት፤ ያሳደገችኝ ናት። ግን እስቲ ጣሪያችንን ቀና ብላችሁ እዩ። ልጆቻችን እንዴት እንደሚያስሉ ስሙ። የኦሞኒጎን ዓይን እዩ፤ የሃምሳ ዓመት ሴት ዓይን ነው? ይሄን እሳት እናት አድርገነዋል እኮ።»

«እናት ባይሆንም ሞግዚት ነበር» አለች ኦሞኒጎ። «አንተም ጡቱን ጠብተሃል።»

«አሁን አድጌያለሁ!»

«እሱን አየሁ። መኪናህ ሊጠጣ የሚፈልገው የኔን እሳት ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሙኮሮም ሳይወድ ሳቀና ተቀመጠ። ፓፓ ኦኪቲ ዱላቸውን መሬት ላይ አንኳኩተው «ነገ፣ ነገ» አሉ። «ዛሬ ይለካ። ነገ የሚፈርም ይፈርማል፣ የማይፈርም አይፈርምም። እህትና ወንድም አዳራሽ ውስጥ አይታረቁም።»

ሰው ሲበተን ኤሎሆ ወደ ኦሞኒጎ መጣች። ላብ በላብ ሆናለች።

«እማማ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። እሳቱን መልሰን ከመለኮሳችን በፊት ሜዳው ላይ ሰው አለመኖሩን የመንደሩ ሰው ማረጋገጥ አለበት። በጨለማ አንድ ሰው ካቡ ሥር ቢገኝ ያልቅለታል። ‹ሜዳው ባዶ ነው› የሚል ቃል ሳይደርሰኝ አልለኩስም።»

«ለምን እኔ? የምቃወምሽ እኔ ነኝ።»

«ሜዳውን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም አሉኝ። የሚያውቀውን ሰው ነው የምፈልገው፤ የሚስማማኝን አይደለም።»

ኦሞኒጎ ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ሱሪዋ ጉልበቱ ላይ የትምህርት ቤቱን አቧራ ይዟል።

«እሺ» አለቻት። «የስልክ ቁጥርሽን ለወንድሜ ስጪው።»

* * *

አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መንደሩ በሙሉ ሊያይ ወጣ። ልጅ ያዘለች አለች፣ ወንበር ተሸክሞ የመጣ አለ። ሠራተኞቹ ገመድ ወጥረው ሰውን ወደ ኋላ አርቀዋል። ኦሞኒጎ ከሁሉም ፊት ቆመች። ሰሌኖቿ ካቡ ላይ እንደተዘረጉ ናቸው፤ የሌሎቹ ሴቶች ቦታ ባዶ ነው።

እሳቱ መጀመሪያ ዝቅ አለ፤ ጎንበስ እንዳለ ሰው። ቀጥሎ አንድ ጊዜ አሳለ። ሰማያዊ ምላስ ከቧንቧው አፍ ብቅ እያለ፣ እየገባ፣ እንደገና ብቅ እያለ ቆየ። ከዚያ የለም።

የቀረው ጸጥታ ነበር። ኦሞኒጎ ጆሮዋ ውስጥ ውሃ የገባ መስሏት ጣቷን ከትታ አወዛወዘችው። የሚያገሳው ድምፅ በተወለደች ቀን ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልወጣም ነበር። ድምፅ መሆኑንም ረስታው ኖሯል። አሁን ሲወጣ አንድ የተሸከመችው ነገር ከራሷ ላይ የወረደ ያህል ተንገዳገደች።

«ጠፋ እንዴ?» ብሎ አንድ ሽማግሌ ጮኸ።

ጩኸቱ ለራሱም አስደነገጠው። ኦቶቮ ውስጥ ሰው ሁሉ እየጮኸ ነው የሚያወራው፤ ባልና ሚስት አልጋ ላይ ሆነው እንኳ ይጮሃሉ እየተባለ በየገበያው ይቀለድባቸዋል። አሁን ጩኸቱ ባዶ ቤት ውስጥ እንደተወረወረ ድስት ሆነ። ሌላው «አትጩህ!» ብሎ ጮኸ። ሴቶቹ ሳቁ። ቀስ በቀስ ሁሉም ድምፁን ዝቅ ማድረግ ጀመረ፤ ሰው የራሱን ድምፅ እንደ አዲስ ልብስ እየሞከረ፣ ትንሽ አፍሮ፣ ትንሽ ደስ ብሎት በሹክሹክታ ያወራል። ኮምፎርት በቀጭን ድምፅ «ኦሞኒጎ፣ ድምፄ እንዲህ ነው ለካ?» አለቻት። ሃያ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ኦሞኒጎ ድምፁ እንደዚያ ያማረ መሆኑን አላወቀችም ነበር።

ወደ ቤቷ ስትመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ሰማዩ መጀመሪያ ብርቱካን፣ ቀጥሎ የበሰለ አቮካዶ ልጣጭ መሰለ። ጨለማ አታውቅም ማለት አይደለም፤ ባሏን ሆስፒታል ባስታመመች ጊዜ ዋሪ ላይ መብራት ሲጠፋ አይታለች። ያ ግን የከተማ ጨለማ ነበር፤ ሰው የሚራገምበት፣ ጄኔሬተር የሚነሣበት። ይሄኛው ቀስ ብሎ መጣ። ከዘንባባዎቹ ሥር ጀመረ፣ አጥሩን ተሻገረ፣ ጉልበቷ ድረስ ደረሰ። እግሯን ማየት አቃታትና እንደ ሕፃን በዳበሳ ተራመደች። በየደጁ የሚያልፉት ሰዎች ጥላ ብቻ ናቸው፤ በድምፃቸው ነው የምትለያቸው። አንዱ ጥላ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከፊቷ ቀስ እያለ ሲሄድ አየች። «ደህና አመሸህ?» አለችው፣ በዚህ ጊዜ በአፏ። ጥላው ዞር ብሎ «ደህና አመሸሽ እህቴ» አላት። ጎረቤቷ አስተማሪው ነበር። ብቻዋን ሳቀች።

* * *

አቬሮ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ጭንቅላቷን ወደ ጎን አዘንብላ ነበር፤ በር ላይ ቆሞ የሚጠራትን ሰው እንደምታዳምጥ።

«ማን ነው ያጠፋው?» አለች።

«መሐንዲሶቹ ናቸው፣ እማዬ። ሊለኩት ነው።»

«እግዜር ይስጣቸው።» ጆሮዋን ወደ ጓሮ አዞረች። «ሰማሽው?»

«ምኑን?»

«ወንዙን ነዋ።»

ኦሞኒጎ አዳመጠች። ከቤቱ ጀርባ ያለው ጅረት ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ቀድታበታለች፣ ልብስ አጥባበታለች፣ ካሳቫ ዘፍዝፋበታለች። ከቤት ሆና ሰምታው ግን አታውቅም። አሁን ሰማችው። ድንጋይ ያልፋል፣ ሥር ያልፋል፣ አንድ ቦታ ላይ ቆም ይልና እንደሚጠጣ ሰው ሁለት ጊዜ ይውጣል። ከዚያ እንቁራሪቶቹ ጀመሩ። ከየት እንደመጡ! አንዱ ይጠይቃል፣ መቶው ይመልሳል።

«ሙሽራ ሆኜ ስመጣ እንዲህ ነበር» አለች አቬሮ። «አባትሽ ‹አትፍሪ፣ እንቁራሪት ነው› ይለኝ ነበር። እኔ መች ፈራሁ? የመጣሁበት አገርም እንቁራሪት አለ። እንዲያጽናናኝ ብዬ ነው ፈራሁ የምለው።»

«ይሄን ነግረሽኝ አታውቂም።»

«በዚያ ጩኸት ላይ ማን እንዲህ ያለ ነገር ይናገራል?»

ኦሞኒጎ መሬት ላይ፣ ከወንበሩ አጠገብ ተቀመጠች። እናቷ እጇን ሰድዳ የልጇን ራስ አገኘች፤ ጸጉሯን ዳበሰች። በእሳት የተለበለበውን የግንባሯን ዳር በአውራ ጣቷ ሄዳ ተመለሰች።

«ሰዎቹ ሲመጡ እሳቱ ለአንድ ወር ነው ብለው ነበር» አለች አሮጊቷ። «እኔም ለአንድ ወር አልተኛም አልኩ። አንቺ ሆዴ ውስጥ ትራገጫለሽ። እሳቱ ሲያገሳ አንቺ ትራገጫለሽ። ‹ሲጠፋ እተኛለሁ› አልኩ።» ንግግሯ እየተጎተተ መጣ። «አባትሽ ገባ?»

ኦሞኒጎ አባቷ ከሞተ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ልትነግራት ነበር። ጨለማውን አየችና ተወችው።

«ገብቷል፣ እማዬ።»

«በሩን ዘጋ?»

«ዘግቷል።»

«እንግዲያ ልተኛ» አለች አቬሮ።

ኦሞኒጎ ደግፋ አስነሣቻትና ወደ ውስጥ አስገባቻት። አልጋው ላይ ዓመታት ሙሉ የልብስ ክምር ነበር የሚቀመጥበት፤ ክምሩን በዳበሳ ወደ መሬት ጠረገችው። እናቷን በጎኗ አስተኛቻትና እግሯን በጨርቅ ሸፈነችላት። አሮጊቷ ሁለት እጆቿን ጉንጯ ሥር አደረገች። አንድ ጊዜ ረጅም ተነፈሰች። ከዚያ ድምፅ የለም።

ኦሞኒጎ ጎንበስ አለች። «እማዬ!» አለች በሹክሹክታ። መዳፏን ወደ አፏ አስጠጋች፣ ጠበቀች። ምንም። ጠበቀች። ከዚያ ለብ ያለ ትንፋሽ መዳፏን ነካ፤ ቀጥሎም ቀጭን፣ እንደ ድመት ያለ ማንኮራፋት ተሰማ። ኦሞኒጎ እዚያው አልጋው ሥር መሬት ላይ ዘፍ አለች። እናቷ ስታንኮራፋ ስትሰማ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። ሃምሳ አንድ ዓመት። ያን ሁሉ ዘመን እሷ ከእሳቱ ጋር ስትሯሯጥ፣ ይህች ሴት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ ኖራለች፤ ኦሞኒጎ ግን እናቷ ከልጇ መመለስ ሌላ የምትጠብቀው ነገር ያለ መስሏት አያውቅም።

ስንት እንደቆየች አላወቀችም። ወንዙ ይውጣል። እንቁራሪቶቹ ይጠያየቃሉ። የማንኮራፋቱ ድምፅ ይነሣል፣ ይወድቃል። እሷም ተቀምጣ ሳለ፣ ነቅታ ሳለ፣ ሕልም ያየች መሰላት፤ ሕልሙ ውስጥ የነበረው ግን እዚሁ ቤት፣ ይሄው ጨለማ ነበር።

የሙኮሮ እግር ደጃፉ ላይ ተንኮሻኮሸ። የስልኩን መብራት አብርቶ ገባ።

«እታለም፣ ሁለት ሰዓት ሆኗል። መሐንዲሷ እየጠበቀች ነው። ሰልፈኛ ይመስል ሁላችንም አንቺን ነው የምንጠብቀው። ሜዳው ባዶ ነው በያትና ይለኩሱት። ካሳቫሽም እኮ...»

«ዝም በል። አጥፋው።»

«ምን ሆንሽ?»

እጁን ይዛ የስልኩን መብራት ወደ መሬት መለሰችው። በዚያች ቀጭን ብርሃን አልጋው ላይ የተኮራመተችውን እናቱን አየ።

«ተኛች?» አለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር።

«ከመሸ ጀምሮ።»

ሙኮሮ ጫማውን በሩ ላይ አወለቀና በእግሩ ጣቶች እየረገጠ ተጠጋ። ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። ከዚያ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ። ስልኩ እጁ ላይ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሁለቱም ደነገጡ፤ ኦሞኒጎ ቀምታው ወደ ጓሮ ወጣች።

ውጭ ምንም አይታይም። የካቡ መስመር የለም፣ የቧንቧው አፍ የለም፤ እርጥቡ ካሳቫዋ በዚያ ጨለማ ውስጥ እየኮመጠጠ ነው፤ ሽታው በነፋሱ እስከ ጓሮዋ ደርሷል። የአንድ ሳምንት ሥራ ነው።

«እማማ፣ ኤሎሆ ነኝ» አለች መሐንዲሷ። «ሜዳው ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው።»

«ተመስገን። እንግዲያ አሁን...»

«አትለኩሱት።»

በስልኩ ውስጥ የሠራተኞቹ ድምፅ፣ የአንድ ብረት ኳኳታ ተሰማ። ከዚያ እሱም ቆመ።

«ችግር አለ?»

«እናቴ ተኝታለች» አለች ኦሞኒጎ። እንዳትጮህ ተጠንቅቃ፣ ለራሷም አዲስ በሆነባት ቀስ ያለ ድምፅ ነበር የተናገረችው። «ስትነቃ እኔው እደውልልሻለሁ።»